ማስተካከያ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል አየር ማራገቢያ በሌሊት አይጠፋም

ስለ ሆስፒታል ኃይል ቁጠባ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ «ቀዶ ሕክምና በማይኖርበት ሰዓት የክፍሉ አየር ማስገቢያ ይጥፋ» እና «የማራገቢያው ፍጥነት በ20% ሲቀንስ ኃይሉም በ20% ይቀንሳል» የተባሉት እንደሚከተለው ይታረሙ።

ማራገቢያው አይጠፋም፤ ፍጥነቱ ይቀነሳል። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር (አሽሬ) ባወጣው 170 ደረጃ መሠረት የቀዶ ሕክምና ክፍል አየር በሰዓት 20 ጊዜ ይለወጣል፤ ከዚህ ውስጥ 4ቱ ከውጭ የሚገባ አየር ነው። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቁጥሩን መቀነስ ይፈቀዳል፣ የክፍሉ ግፊት ከኮሪደሩ እንደበለጠ እስከቆየና ሰው ሲገባ 20ው ወዲያው እስከተመለሰ ድረስ። የሚፈለገው የግፊት ልዩነት ቢያንስ 2.5 ፓስካል ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይገለበጣል፦ አየር አስገቢው ማራገቢያ ዝቅ ብሎ አየር አስወጪው በነበረበት ከቀጠለ ክፍሉ የኮሪደሩን አየር ይስባል። ስለዚህ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ለሁለቱም ይገጠም፣ በአንድ ትእዛዝ አብረው ይውረዱ፣ የግፊት መለኪያውም ከማንቂያ ደወል ጋር ይያያዝ። በር ሲከፈት ሁሉ እንዳይጮህ ደወሉ ጥቂት ይዘግይ፤ አለዚያ ሠራተኛው ያጠፋዋል።

ኃይሉ የሚከተለው የፍጥነቱን ሦስተኛ ርቢ ነው፤ በ80% ፍጥነት 51% ገደማ፣ በ50% ፍጥነት 12.5% ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በአየር ቱቦው ውስጥ ቋሚ ግፊት እንዲጠብቅ የተስተካከለ ሲስተም ይህን ያህል አያተርፍም።

የአየር ወለድ በሽታ ማግለያ ክፍሎች በዚህ አይካተቱም። ታማሚ እስካለ ድረስ በሰዓት 12 ጊዜ የሚደረገው የአየር ለውጥ አይነካም፣ ግፊቱም ከኮሪደሩ ያንሳል።