ኮሌታዬን ልቀቅ!

ባለፈው እሁድ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቡና ተጠርተን ነበር። አቦሉን ገና ፉት እንዳልኩ ያጎቴ ልጅ "እስቲ ኮሌታዬን ያዝ" አለኝ። ስኒ ይዣለሁ አልኩት። "ግዴለም፣ በአንድ እጅህ ያዝ።" የቤቱ እመቤት ረከቦቱን ቀስ አድርጋ ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። ለምዳዋለች።

ያጎቴ ልጅ የሚኖረው ጀርመን ነው። አርባን ካለፈ በኋላ ጁዶ የሚባለውን የጃፓን ትግል ጀመረ። እዚህ ከመጣ ወዲህ ከሰው ጋር የሚጫወተው ተናንቆ ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር።

ድሮ ከውጭ የመጣ ሰው ሽቶና ጂንስ ነበር ይዞ የሚመጣው። ሽቶው ያልቃል፣ ጂንሱ ይጠባል፣ ይረሳል። አሁን የሚመጣው ዲሲፕሊን ነው። አንዱ ስኳር ትቶ ይመጣል፣ ሌላው ዮጋ ይዞ። ዲሲፕሊን ደግሞ አያልቅም። ቀረጥም የለበትም።

ለምን እንደጀመረ ግን ይገባኛል። ጀርመን ታኅሣሥ ላይ አሥር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል። ጎረቤት ሰላም ብሎ በሩን ይዘጋል። ሳምንቱ ሙሉ ሰው ሳይነካህ ሊያልፍ ይችላል። ጁዶ ብትሄድ ቢያንስ ኮሌታህን ይዞ የሚያንገላታህ አታጣም። እዚህ ግን ለዚህ መክፈል አያስፈልግም። ጠዋት የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ነው። ታክሲው ብቅ ሲል ሰልፉ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንጹህ ጁዶ ነው።

የጁዶ ደረጃውን በቀለም የሚያሳየውን ቀበቶውንም ይዞ መጥቷል። ብርቱካናማና አረንጓዴ ነው። እነሱ ጋ ከነጭ ወደ ቢጫ እንኳ በአንዴ አይታለፍም፤ መሀል ላይ ነጭና ቢጫ የሆነ አለ። ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ጁዶን ሲመሠርቱ ይህ ሁሉ ቀለም አልነበረም። ቀለሙን በአውሮፓ ያስፋፉት በ1930ዎቹ ፓሪስ ያስተምሩ የነበሩት ጃፓናዊው ካዋይሺ ናቸው። ፈረንጅ ዝም ብሎ በነጭ አይቆይማ! የኛ ሰዎች "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ። ይህን ተረት ስወደው! ለቄስ ተማሪ የተባለ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ለቀበቶም፣ ለካባም፣ ለክብር ዶክትሬትም አውለዋለሁ።

መጠምጠም ከተነሳ አይቀር፣ ልጆች ሳለን ሰፈራችን አንድ የቴኳንዶ አሰልጣኝ ነበር። የዩኒፎርም ከፈልን። የፈተና ከፈልን። የቢጫ ቀበቶ ከፈልን። ቀበቶው ሳይመጣ ሰውየው ጠፋ። እናቴ የከፈለችው ከእቁቧ ላይ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁትና ስለ ዲሲፕሊን ሲያወራኝ ቆየ። ብሩን አላነሳውም። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ አልረሳውምም።

የጥበቃው ነገር ደግሞ ከቀልድ ያለፈ ነው። የብሎካችን ጥበቃ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ሌሊቱን ቆመው አድረው፣ ጠዋት ያጎቴ ልጅ "ጋሼ፣ እስቲ ያዙኝ" አላቸው። እንግዳ ነው፤ ከውጭ የመጣ ነው፤ በዚያ ላይ ትናንት የሻይ ሰጥቷቸዋል። እንዴት እምቢ ይበሉ? ያዙት። እግራቸውን ጠለፈና ሲሚንቶ ላይ አጋደማቸው።

ጁዶ መጀመሪያ የሚያስተምረው አወዳደቅ ነው። አገጭ ወደ ደረት ይሰበሰባል፣ ክንድ ምንጣፉን ይመታል። ምንጣፉን! ሲሚንቶውን አይደለም። ሰውየው ካፖርታቸውን አራግፈው ሳቁ። ክርናቸው ተልጦ ነበር። ያጎቴ ልጅ በየቡናው "ካኖ ያስተማሩት የጋራ ጥቅምን ነው" ይለናል። እውነቱን ነው፣ አስተምረዋል። እና ጋሼ ምን ተጠቀሙ ብዬ ጠየቅኩት።

"ልምድ" አለኝ።

ገጠር ትግል የሚገጥም እረኛ እንኳ እኩያውን ይመርጣል። የሚታገለውም ሣር ላይ ነው።

ቡናውስ? እሱማ በረካ ሳይደርስ ተበተነ። አሁን ያጎቴ ልጅ ኮሙናሉን፣ የነዋሪውን የጋራ ቤት፣ ለልጆች ማሠልጠኛ ስጡኝ ብሎ ለኮሚቴው ማመልከቻ አስገብቷል። በነፃ ነው አሉ። እዚያ ደግሞ ሴቶቹ የዓመቱን በርበሬ አስጥተውበታል። የፊታችን እሁድ ስብሰባ አለ። እኔ ድምፄን የምሰጠው ለበርበሬው ነው።