የብሎኩ ሰብሳቢ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኮሚቴ ሰብሳቢ የሚሆነው ማን መሰላችሁ፣ ከስብሰባው የቀረው ሰው ነው። አንዷ እናት ብድግ ይሉና "ያ ሶስተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ጨዋ ነው፣ ሰላም ሳይል አያልፍም" ይላሉ፣ "እደግፋለሁ" "እኔም እደግፋለሁ"፣ በቃ አለቀ፣ ልጁ ማታ ከስራ ሲገባ ደረጃ ላይ ነው ሹመቱን የሚሰማው።

ህጉማ አለ። አዋጅ 370/1995 ባለቤቶች ማህበር አቋቁሙ ቦርድ ምረጡ የጋራ ወጪ አዋጡ ይላል፣ ግን እስቲ አዋጁን ይዘህ አራተኛ ፎቅ በእግርህ ወጥተህ አንኳኳ (ሊፍት የት አባቱ አለና)። "ተከራይ ነኝ፣ አከራዬን ጠይቅ።" አከራዩ ጋር ትደውላለህ፣ "ውሃውን የሚጠጣው እሱ አይደል እንዴ፣ እኔ ምን አገባኝ።" ወደ ምድር ቤት ትወርዳለህ፣ እዛ ደሞ ጠበቃ የሆነች ሴትዮ አለች፣ ጠበቃ ስል በስራዋ ሳይሆን በአፏ፣ "እኔ ውሃ ያለ ፓምፕ ይደርሰኛል፣ ደረጃም አልወጣም፣ የፓምፕና የደረጃ አምፖል በምን ሂሳብ ነው የምከፍለው?" ትልሃለች፣ መልስ ካላችሁ ለሰብሳቢያችን ንገሩት።

የሚገርመው ይቺው ሴትዮ እድሯን አንድ ወር አሳልፋ አታውቅም። እድር ድንኳን አለው፣ ቅጣት አለው፣ ለቅሶ ላይ ስም ይጠራል። ሰብሳቢያችን ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው። "ውድ ነዋሪዎች እስከ ወሩ መጨረሻ..." ብሎ ሲጽፍ ሁሉም ያየዋል፣ አንዱ የጸሎት እጅ ይልካል፣ ሌላው እንኳን ለወርሃዊው ሚካኤል አደረሳችሁ የሚል ፎቶ ይለጥፍበታል፣ ከዛ በቃ ጭጭ።

እውነተኛው ባለስልጣን ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ በር ላይ፣ ጋቢ ለብሶ። ውሃ በፈረቃ ሌሊት ስትመጣ ተነስቶ ፓምፑን የሚያበራው ጥበቃው ነው፣ ሮቶው መሙላት አለመሙላቱን የሚያውቀውም እሱ ነው። ለበዓል ዳቦና ጠላ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋር ነው፣ ደሞዙን የሚከፍለው ሰብሳቢ ራሱ "በናትህ ዛሬ ሌሊት እንዳትረሳት" እያለ ነው የሚለማመጠው።

ኮሚቴው መጨረሻ ላይ ገባው መሰለኝ፣ የደረሰኙን ጥራዝ ለጥበቃው ሰጡት። እሱ ማስታወቂያ ምናምን አያውቅም፣ ጠዋት በር ላይ ወንበሩን አውጥቶ ጥራዙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚወጣውን ሰው ዝም ብሎ ማየት ነው። ሴትዮዋ ያለፈውን ሁሉ ጠቅልላ ከፈለች። ሰብሳቢው ደስ ብሎት "እንዴት ነው፣ ሁሉም ጨረሰ?" ቢለው ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣

"አዎ ጋሼ፣ የእርሶ ብቻ ነው የቀረው።"