የቀረ መምህር ክፍል ዘበኛ አይፈልግም

ጠዋት ሰልፍ ላይ አንዲት መምህርት እንደቀረች ይታወቃል። ልጇን አሞት ይሆናል፣ ለቅሶ ገጥሟት ይሆናል፣ ታክሲ አጥታም ይሆናል። ዩኒት ሊደሩ፣ ማለትም የክፍሎቹ አስተባባሪ፣ ስታፍ ብቅ ይልና «ማነው ፍሪ?» ይላል፤ በዚያ ሰዓት ክፍል የሌለው ማነው ማለቱ ነው። ይሄኔ ሁሉም ደብተር ማረም ይጀምራል። በመጨረሻ እምቢ ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው ይነሣል። በሩ ላይ የሚሰጠው መመሪያም አጭር ነው፦ «ብቻ እንዳይረብሹ»።

የኔ ጠብ ከዚች መመሪያ ጋር ነው። 40 ደቂቃ ሙሉ ልጆችን ዝም ማሰኘት ከማስተማር በላይ ያደክማል። ሥራ ያልተሰጠው የ8 ዓመት ልጅ ዝም አይልም። ዝም ቢል እንኳ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ የምሰጋ ሰው ነኝ። ስለዚህ በሰው ክፍል ግቡ የምትባሉ መምህራን ሁሉ፣ ገብታችሁ አንዲት ነገር አስተምሩ። ትንሽ ትሁን፤ ግን በዚያው ክፍለ ጊዜ ተጀምራ ትለቅ።

ተተኪ መምህርነት እኛ ጋ ራሱን የቻለ ሥራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያ የትምህርት ወረዳዎች የተተኪዎች ዝርዝር ይዘው ይጠራሉ። መስፈርቱ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ አንዱ ዲግሪ ይጠይቃል፣ ሌላው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ይበቃዋል። እኛ ጋ ግን ተተኪ ማለት በዚያ ሰዓት ባዶ እጁን የተገኘ ሰው ነው። ሰው ከጠፋ ሁለት ክፍል ይዳበላል። በክፍል 50 ተማሪ የሚለው መለኪያ በብዙ ቦታ በማይከበርበት አገር ሁለት ክፍል ሲዳበል ምን እንደሚመስል ለማታውቁ ባልነግራችሁ ይሻላል።

ከመግባታችሁ በፊት ጎረቤት ክፍል ያለችውን መምህርት ጠይቁ። ስለ ምዕራፉ አይደለም፣ ስለ ልጆቹ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አለ? አስም ያለባትስ? በደንብ ስለማትሰማ ፊት መቀመጥ ያለባት አለች? አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ የሚደባደቡት እነማን ናቸው? የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ማን በሰርቪስ ይሄዳል፣ ማንን ወላጅ መጥቶ ይወስደዋል? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በታችኛዎቹ ክፍሎች ብዙ ቦታ አንድ መምህር ነው ሁሉንም ትምህርት የሚይዘው። ስለዚህ ይሄ መረጃ በአብዛኛው ያለው በቀረችው መምህርት ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሷ ስትቀር መረጃውም አብሯት ይቀራል።

አሁን ግቡ። ሰሌዳው ላይ የስም ዝርዝር ይጠብቃችኋል።

ይህን ዝርዝር የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የክፍል አለቃው መምህር እስኪመጣ የረባሾችን ስም ይጽፋል። ደግሞ ያወራ ልጅ ስሙ ጎን ኤክስ ይደረግበታል። ሲጨምር ሌላ ኤክስ። የአለቃው ጓደኛ ቢጮህም አይጻፍም፤ ትናንት ምሳውን ያላካፈለው ልጅ ግን ቢያስነጥስም ይጻፋል። ተተኪው ይገባና ዝርዝሩን እንዳለ ያምናል። ተራ በተራ ያስወጣቸዋል፣ ያንበረክካቸዋል፣ ማስመሪያ ያነሣል። ያለቅሳሉ፣ ይምላሉ፣ «ቲቸር እኔ አይደለሁም» ይላሉ። ሲያልቅ ሰዓቱ ተጋምሷል። ስማቸው ያልተጻፈውም ቁጭ ብለው ሲያዩ ነው የቆዩት።

ዳስተሩን አንሡና ዝርዝሩን አጥፉት። ንግግር አያስፈልገውም። በዚያው ቦታ ላይ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። አለቃውን ማሳፈር አያስፈልግም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። አመስግኑትና ሌላ ሥራ ስጡት፤ መጽሐፍ ያድል፣ ጠመኔ ያምጣ። ልጆቹ በዚህች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ስለ እናንተ ብዙ ነገር ይገባቸዋል።

ማስመሪያውን በተመለከተ ክርክር የለኝም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፎታል። «አያውቁኝም፤ ካልመታሁ አይፈሩኝም» የሚል መምህር ግን ዛሬም አለ። ለአንድ ፔሬድ የገባ ሰው መፈራት ምን ሊያደርግለት?

የልጆቹ የመጀመሪያ ጥያቄ «የኛ ቲቸር የት ሄደች?» ነው። 1ኛ እና 2ኛ ክፍል ላይ ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መምህሯ ካልመጣች የሚያለቅስ ልጅ አለ። የምታውቁትን ንገሯቸው፤ «ዛሬ አልተመቻትም፣ ነገ ትመጣለች» በቂ ነው። ነገ መምጣቷን ካላወቃችሁ ነገ ትመጣለች አትበሉ። ልጅ ይቆጥራል።

ትልልቆቹ ደግሞ ይፈትኗችኋል። ስም ስትጠሩ አንዱ በሌላው ስም «አቤት» ይላል፣ የኋላው ወንበር በሳቅ ይሞታል። ከደብተር መሀል አንድ ወረቀት አስገንጥሉና ሁሉም ስሙን በትልቁ ጽፎ፣ አጥፎ፣ ፊቱ ዴስክ ላይ ያቁም። ውሸታም ካለ ጎረቤቱ ያሳጣዋል፣ እናንተ መርማሪ መሆን የለባችሁም። ከዚያ በኋላ «አንተ ቀይ ሹራብ» ከማለት ትድናላችሁ። በስሙ የተጠራ ልጅና በሹራቡ የተጠራ ልጅ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። «የኛ ቲቸር እንዲህ አታደርግም» የሚልም አይጠፋም። አትከራከሩት። «እሺ፣ እሷ ስትመጣ እንደ እሷ ታደርጋላችሁ» ብላችሁ ቀጥሉ።

ምን ላስተምር ነው ዋናው ጥያቄ። የተለመደው መልስ ማስገልበጥ ነው። ተተኪው ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ ደስ ብሎት ያልፋል። መጽሐፉ እኮ እጃቸው ላይ አለ! የሌላቸው ቢኖሩ እንኳ የማያነቡትን መገልበጥ የእጅ ሥራ ብቻ ነው።

እኔ ብጠየቅ ማንበብ እላለሁ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ማንበብ የማይችል ልጅ ደግሞ ሳይንሱንም ሒሳቡንም አይከተልም። ስለዚህ የየትኛውም ትምህርት ፔሬድ ቢሰጣችሁ ንባብ ከቦታው አይወጣም። ከመጽሐፋቸው አንድ አጭር ምንባብ ምረጡ። መጀመሪያ እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ቀስ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን እየቀያየራችሁ። መሀል ላይ አቁሙና «ከዚህ በኋላ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» በሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ለአንዱ ያንብብ። እናንተ በዴስኮቹ መሀል እየዞራችሁ ጆሮ ስጡ። ማን እንደሚያነብ፣ ማን ጓደኛውን ተከትሎ አፉን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ በአንድ ዙር ታውቁታላችሁ። ክፍሉ መጮሁ አይቀርም፤ ይጩህ። የሚያነብ ክፍል ጫጫታና የሚረብሽ ክፍል ጫጫታ በር ላይ ቆሞ ይለያል።

1ኛ ክፍል ከሆነ ፊደል ገበታው ግድግዳ ላይ አለ። 33 በ7፣ በጠቅላላው 231 ፊደል። ብዙ ልጅ ከላይ ወደ ታች እንደ ዜማ ይወርደዋል፣ መሀል ላይ ሲጠቁሙት ግን አያውቀውም። አንድ ልጅ ይጠቁም፣ ሌላው በዚያ ፊደል የሚጀምር ስም፣ ምግብ ወይም እንስሳ ይጥራ። «ዡ» ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚፈጠር እዩት።

እንቆቅልሽ ደግሞ አለ፣ ያውም በነፃ። «እንቆቅልህ» ስትሉ ክፍሉ በሙሉ «ምን አውቅልህ» ይላል። ይሄን የመሰለ ክፍል መሰብሰቢያ በየትኛውም የሥልጠና ሰነድ ላይ አላየሁም። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት»። ጤዛ መሆኑን ያወቀ ልጅ እጁን ሲያወጣ ዝም ብላችሁ መልሱን አትቀበሉ፤ ለምን ስመለስ አጣኋት ብላችሁ ጠይቁት። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ ትነት እያለ ሳይንስ ውስጥ ይገባላችኋል። መልስ የጠፋባቸው እንደ ወጉ «አገር ስጠኝ» ተብለው አገር ይሰጣሉ። ጎንደር ወይስ ጅማ ሲባል ካርታ ማውጣት ነው።

ሒሳብ ላይ የማደርገው ሌላ ነው። ጥያቄውን እነሱ ይጻፉት። «እናትህ 500 ብር ይዛ ገበያ ወጣች፤ ምን ገዛች፣ ስንት ተረፋት?» ዋጋውን ራሳቸው ያውጡ። የ4ኛ ክፍል ልጅ የሽንኩርትን ዋጋ ከኔ ይልቅ ያውቃል፣ ተልኮ የሚገዛ እሱ ነው። ጥያቄዎቹን ይለዋወጡና አንዱ የሌላውን ይሥራ። ራሱ ባወጣው ጥያቄ ጓደኛው ሲቸገር ማየት የሚጠላ ልጅ አላየሁም። 5ኛ እና 6ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ትናንት የተማሩትን ለእናንተ ያስተምሯችሁ። እናንተ ምንም እንደማያውቅ ሰው እየጠየቃችሁ ቁጭ በሉ። የሒሳብ ሰው ሆናችሁ የቋንቋ ፔሬድ ብትገቡ እንኳ አትቸገሩም።

የማይደረጉትን በአጭሩ ልበል። ለአንድ ቀን ገብታችሁ አዲስ ምዕራፍ አትጀምሩ። ፈተና አትፈትኑ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ቪዲዮ አታሳዩ፣ እናንተም ቲክቶክ አታሸብልሉ፤ ልጆቹ ቤት ሄደው ይናገራሉ። የቀረችው መምህርት ሰሌዳ ላይ ስህተት ትታ ከሆነ ለእሷ ንገሯት፤ «ይሄን ማን አስተማራችሁ?» ብሎ ልጆች ፊት መገረም ነውር ነው።

ወጥታችሁ ሳትርቁ ግማሽ ገጽ ጻፉ። ምን እንደሠራችሁ፣ እነማን እንደቀሩ፣ ማን እንደታመመ ወይም እንደወደቀ፣ ንባብ ላይ ማን እንደተቸገረ። የአጥፊዎች ክስ አይሁን፣ አለቃው ያንን ሥራ ከእናንተ በላይ ይሠራዋል። መጻፍ ከሰነፋችሁ በቴሌግራም ድምፅ ላኩላት። እንዲህ ያለ መልእክት ያገኘች መምህርት በማግስቱ ካቆመችበት አትጀምርም፣ እናንተ ካቆማችሁበት ትቀጥላለች። ማካካሻ እያሉ ቅዳሜን መውሰድም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ይሄ ሁሉ ግን በተተኪው ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የመምህር መቅረት ድንገተኛ አደጋ አይደለም። መቼና ማን እንደሚቀር ባይታወቅም እንደሚቀር ግን ይታወቃል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ክላሴር ይኑረው። የስም ዝርዝር፣ የአቀማመጥ ንድፍ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ ጤናቸው ክትትል የሚፈልግ ልጆች፣ ልጅ መውሰድ የተፈቀደላቸው ሰዎች፣ ለሦስት ቀን የሚበቃ ከምዕራፍ ውጪ የሆነ ሥራ። አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ከሚያየው ጸጥታ ይልቅ ይሄን ክላሴር ቢጠይቅ ጥሩ ነበር። ዩኒት ሊደሮችም ተራ ያውጡና ይለጥፉት፤ ሁልጊዜ ያቺው ደግ መምህርት ዕረፍቷን እያጣች መኖር የለባትም። የተግባር ልምምድ ላይ ያለ እጩ መምህር ሲገኝም ብቻውን ክፍል ውስጥ መወርወር አይገባም፤ ሊማር የመጣ ሰው ነው።

የወሊድ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ 30 ቀን ቅድመ ወሊድ፣ 90 ቀን ድህረ ወሊድ ይሰጣል። የግል ትምህርት ቤቶች በዚህ አዋጅ ነው የሚተዳደሩት። ድምሩ 120 ቀን፣ አንድ ሴሚስተር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነው። ይሄን ያህል ጊዜ በእንቆቅልሽና በንባብ አይገፋም። የሚተካው ሰው ቀድሞ ይታወቅ፣ መምህሯ ከመውጣቷ በፊት ጥቂት ቀን አብሯት ክፍል ይግባ፣ ልጆቹ ይልመዱት። የትምህርት እቅዱን ተረክቦ ምዕራፎቹን ይቀጥል። ክፍያው ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይነገረው፤ «ወር ሲሞላ እንነጋገራለን» የሚባለው ነገር መጨረሻው እንደማያምር ሁላችንም እናውቃለን። ማርክ ሊስቱ ላይም በእሱ ጊዜ የተሰጠው ውጤት በእሱ ፊርማ ይግባ። መምህሯ ስትመለስ ወላጅ መጥቶ «ይሄን 4 ከ10 ማን ሰጠው?» ሲል መልስ የሚሰጥ ሰው እንዲኖር።