ሪፖርታችንን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይየው

የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች በየጊዜው አዲስ ነገር ይጨምሩልናል። አጭር ቪዲዮ፣ ላይቭ፣ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። ከዚህ ሁሉ በፊት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በአማርኛ የተጻፈ ነገር ሪፖርት ሲደረግ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይየው። አይቶም ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ ይንገረን።

ሁላችንም ከምናውቀው ልጀምር። አንዱ የሰው ስምና ፎቶ ወስዶ አዲስ አካውንት ይከፍታል። ከዚያ ለወዳጅ ዘመድ በውስጥ መስመር ይጽፋል። «ሰላም ነው? አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር። ነገ እመልስልሃለሁ።» ቀጥሎ የቴሌብር ቁጥር ይመጣል። ፎቶው የሚያውቁት ሰው ስለሆነ የሚልክ አይጠፋም። የስሙ ባለቤት «እኔ አይደለሁም» ብሎ ይለጥፋል፣ ጓደኞቹ ተረባርበው ሪፖርት ያደርጋሉ። ከዚያ «መመሪያችንን አልጣሰም» የሚል መልስ ሲመጣ ምን ይባላል? ያንን መልእክት አማርኛ የሚችል ሰው ቢያነበው ኖሮ ማጭበርበር መሆኑን ለመለየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

የራሱን አካውንት የተነጠቀ ሰው ደግሞ ችግሩ ይብሳል። አካውንቱን ለማስመለስ የሚያስፈልገው ኮድ ብዙ ጊዜ የሚላከው በስልክ ቁጥር ነው። ሪያድ ወይም ቤሩት ሠርታ የተመለሰች እህታችን የዚያን አገር ሲም ካርድ ከየት ታመጣዋለች? ቁጥሩ ተዘግቷል፣ ወይም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የዓመታት ፎቶዋና የምታውቃቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። በገዛ ቋንቋዋ «እኔ ነኝ» ብላ የምታስረዳው ሰው ግን የለም።

ይህ የገንዘብና የትዝታ ጉዳይ ነው። ነገሩ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቶአቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወር ነበር። ልጃቸው አብርሃም ጽሑፎቹ እንዲወርዱ ደጋግሞ ሪፖርት እንዳደረገ ይናገራል። እሱ እንደሚለው፣ ከጽሑፎቹ አንዱ መመሪያ መጣሱን የሚገልጽ መልስ የደረሰው አባቱ ከተገደሉ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። በ2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ፍርዱ የፍርድ ቤቱ ነው። ለእኔ ግን ያ የስምንት ቀን ቁጥር ከአእምሮዬ አይወጣም።

«ማሽን ይሠራዋል» የሚሉ አሉ። ማሽን ያግዛል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። አማርኛ ስንጽፍ አንዱ ሰላም፣ ሌላው ሠላም ይላል። ዓለም፣ አለም፣ ኣለም ሁሉም ይሠራሉ። ስድብን ከማጣሪያ ለማሳለፍ የፈለገ ሰው ፊደል መቀየር፣ በመሀል ነጥብ መጣል ወይም በላቲን ፊደል መጻፍ ይበቃዋል። እኛ ስናነበው ወዲያው ይገባናል። በተቃራኒው «በሳቅ ገደልከኝ» የሚል ጓደኛ ማንንም አላስፈራራም። ግሱን ብቻ ለሚያይ ማሽን ግን የግድያ ወሬ ነው። ይባስ ብሎ፣ በእኛ አገር ክፉው ስድብ ብዙ ጊዜ አንድም መጥፎ ቃል የለበትም። በተረትና በአሽሙር ነው የሚመጣው። ማንን እንደሚነካ የሚያውቀው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሰው አየው ማለትም በራሱ መጨረሻ አይደለም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በራያ ቆቦ ተፈጸመ ስለተባለ ጥቃት የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ነበር። የፌስቡክ ገምጋሚ አይቶ አወረደው። የኩባንያውን ውሳኔዎች የሚመረምረው የሜታ የቁጥጥር ቦርድ ጉዳዩን ሲይዝ ኩባንያው መልሶ ለቀቀው። ቦርዱ በበኩሉ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክል ነበር፣ ይውረድ አለ። ሜታ በኢትዮጵያ ጥላቻና ያልተረጋገጠ ወሬ በመድረኮቹ እንዴት እንደተሰራጨ በገለልተኛ አካል እንዲያስጠናም መከረ። ኩባንያው ራሱ እንዲህ የሚዋልልበትን ጉዳይ ተራው ተጠቃሚ በአንድ መስመር መልስ እንዴት ይረዳው? የዚህን ጽሑፍ ታሪክ ያወቅነው ቦርዱ ምክንያቱን ዘርዝሮ ስላወጣ ነው። የሌሎቹን አናውቅም።

የእኛ ሕግ ፍጥነት ላይ ያተኩራል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መድረኮቹ ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነሱ ይላል። ፍጥነቱን እደግፋለሁ። ግን ቋንቋውን ሳይረዱ መፍጠን ጥፋተኛውን ትቶ ንጹሑን መዝጋት ያመጣል። ጋዜጠኛውም፣ ጥቃቱን ለማጋለጥ ፎቶ የለጠፈውም አብሮ ይወርዳል።

የአውሮፓ ኅብረት ሌላ መንገድ ይዟል። የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጉ ትልልቆቹ መድረኮች ጽሑፍ ሲያወርዱ ምክንያቱን ለባለቤቱ እንዲነግሩ፣ የይግባኝ መንገድም እንዲከፍቱ ያስገድዳል። በእያንዳንዱ የኅብረቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ስንት ገምጋሚ እንዳላቸውም በይፋ ማውጣት አለባቸው። ማልታ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ናት። የማልታ ቋንቋ ገምጋሚዎች ቁጥር በዚህ ሕግ ይታወቃል። አማርኛ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ይናገረዋል። ለእኛ ግን እንዲህ ያለውን ቁጥር እንዲያወጡ የሚያስገድዳቸው የለም። የአፋን ኦሮሞ፣ የትግርኛና የሶማሊኛ ተናጋሪውም ያው የእኛው ዓይነት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ሜታ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በእነዚህ ቋንቋዎች ስንት ገምጋሚ እንዳላቸውና ለአንድ ሪፖርት መልስ ለመስጠት በአማካይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው በየስድስት ወሩ ያውጡ። በፈቃዳቸው ካላደረጉት ምክር ቤቱ አዋጅ 1185ን አሻሽሎ ከ24 ሰዓቱ ጎን ሁለት ግዴታ ይጨምርበት፤ ምክንያትን በተጠቃሚው ቋንቋ መግለጽና በሰው የሚታይ ይግባኝ።