ሰልፉን ያላየ ሞዴል

እ.ኤ.አ. በ1972 ባርት የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባቡር ሥራ ሲጀምር፣ ይፋዊው ትንበያ ከተጓዦች 15 በመቶው እንደሚሳፈሩበት ይገምት ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዳንኤል ማክፋደን ግን ሰው ጊዜንና ወጪን እንዴት እንደሚያመዛዝን በሚያሰላ ሞዴል 6.3 በመቶ ብሎ ተነበየ፤ በተግባር የታየውም 6.2 በመቶ ሆነ። ማክፋደን ሰዎች ከአማራጮች መካከል እንዴት እንደሚመርጡ ባደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬ ይህን ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተረከበው ሲሆን፣ በብዙ ንጽጽሮችም የተጓዡን ምርጫ በመገመት ከቀድሞው ስሌት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን መሣሪያ ለአዲስ አበባም እመኝላታለሁ። የሚያሳስበኝ የሚማርበት መረጃ ነው። ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሠራተኛ የታክሲውን ሰልፍ አይቶ በእግሩ ቢነሳ፣ መዝገቡ የሚያሳየው በእግር መሄዱን ብቻ ነው፤ ማሽኑም ይህን እንደ ፍላጎቱ ይማረዋል። በሚኒባስ ታክሲ ለረዳቱ በእጅ የሚከፈል ሒሳብ የትም አይመዘገብም፤ በስልክ መተግበሪያ የሚጠራ መኪና ግን እያንዳንዱን ጉዞ ይመዘግባል። ስለዚህ በቀላሉ የሚገኘውን መረጃ ብቻ የተመገበ ሞዴል የሚያውቀው መክፈል የሚችለውን ነዋሪ ይሆናል፤ እግረኛ የሚበዛባትን ከተማ ግን አያውቃትም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ በቀላል ባቡሩ ላይ ይታያል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች አገልግሎት ከጀመረ በኋላ፣ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ከሥራ ውጭ ሆነው ቆይተዋል። ባቡር ሲጠፋ ተሳፋሪው ጠብቆ ጠብቆ ይሄዳል። ባቡር በጠፋበት በዚያ ጊዜ በተሰበሰበ መረጃ የሠለጠነ ማሽን «ፈላጊው ቀንሷል» ቢለን፣ እኛም አምነነው አገልግሎቱን ብንቀንስ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚሳፈረው ሰው ይበልጥ ያንሳል፤ ትንበያውም ትክክል የነበረ ይመስላል፤ ስሕተቱን ራሳችን እውነት አድርገነዋልና።

ስለዚህ ሞዴሉ ከመሠልጠኑ በፊት ጠያቂዎች ወደ ፌርማታው ይውጡ። እያንዳንዱ ተጓዥ በምን እንደሄደ ብቻ ሳይሆን ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ማግኘት ይችል እንደነበርና ምን ያህል መክፈል እንደሚችል ይመዝገብ። ምሽት ላይ ብቻዋን መሳፈር ፈርታ ጉዞዋን የተወችው ሴትም ከቤቷ ድረስ ተሂዶ ትጠየቅ፤ እርሷን በየትኛውም ፌርማታ አናገኛትም።