መቀሴን አትንኩ

በጨርቅ መቀሴ ፕላስተር የተለጠፈበት ካርቶን የቆረጠ ሰው እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ በሰላም ይኖራል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስጠይቀው ዓይን ዓይኔን እያየ «መቀስ አይደል እንዴ?» አለኝ።

አዎ፣ መቀስ ነው። ወረቀትና ካርቶን ውስጥ ግን የነጭ ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይገባል፤ ስለቱን ቀስ እያለ የሚበላው እሱ ነው። ፕላስተሩ ደግሞ ሙጫውን ስለቱ ላይ ትቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መቀሱ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም።

ለነገሩ ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ መቀስ አልነበረም፤ ዕድሜ ልክ የማይለቅ የስፌት ፍቅር እንዴት ይጀምራል ስለሚለው ነው። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ ሰፊ ነኝ ያለ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። አያት አለች። መነጽር አድርጋለች። ቁልፍ የሞላበት ጣሳ አለ። ልጅቷ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ትለያለች፣ አያት በትዕግሥት ታስተምራለች፣ ፍቅሩም ይወለዳል። ወሬ! የእውነተኛዋ አያት የመጀመሪያ ትምህርት «እጅሽን ሰብስቢ!» የሚል ነው።

እኔ ፍቅሩ የሚጀምረው ከክልከላው ነው እላለሁ። «እንደ ልብሽ ንኪው» የተባለች ልጅ ሳምንት ሳይሞላት ይሰለቻታል። የተከለከለችዋ ግን እራፊ ጨርቅ ሰርቃ አልጋ ሥር ትገባለች። ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ቀሚሱ በጭንቅላቷ አልገባ ይላል። ያኔ ማንም ሳይነግራት፣ መክፈቻ የሌለው ልብስ አንገቱ የሚለካው በጭንቅላት መሆኑን ታውቃለች። ከዚህ በኋላ ማን ይመልሳታል?

ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ ብርድ ልብስ መሥራት፣ ኩዊልት የሚሉት፣ ደግሞ የባሰ ልክፍት ነው። ላዩ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መሃሉ ባዘቶ፣ ታቹ ገበር፤ ሦስቱ በአንድ ላይ ይሰፋሉ። ዘመድ ይመጣና «ይህ ድሪቶ ምንድን ነው? ደህናውን ጨርቅ መልሰሽ ለምትሰፊው ምን ሊሠራ ቆራረጥሽው?» ይላል። መልስ የለኝም፤ ስለሌለኝም ነው የሚያናድደኝ።

ከተረት ሁሉ አብልጬ የምወደው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ነው። ሰው ለሹመትም ለጋብቻም እየጠቀሰ ያባክነዋል። ተረቱ የስፌት ተረት ነው፤ ይኸው በሒሳብ። ስፌቱ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ይግባ እንበል። የቸኮለ ሰው «1 ሚሊ ሜትር ቢያልፍ ምን አለበት?» ይላል። ያቺ 1 ሚሊ ሜትር ከሁለቱም ጨርቅ ስለምትወስድ በአንድ ስፌት 2 ትሆናለች። 20 ቁራጭ በተርታ ሲገጠም 19 ስፌት አለው፤ ተርታው 38 ሚሊ ሜትር አጠረ ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ተርታ አላጠረም። እንግዲህ ቁጭ ብሎ መተርተር ነው።

መኪና አለ አትበሉኝ። በርተለሚ ቲሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1830 የስፌት መኪናውን በስሙ አስመዘገበ። በ1831 የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች እንጀራችን ሊቆረጥ ነው ብለው የወታደር ልብስ የሚሰፋበትን ቤት ወረሩና መኪናዎቹን ሰባበሩ። መኪናው ያለ ሰው የሚሰፋ መስሏቸው ይሆናል። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ የሚያምኑት ይህንኑ ነው። «መኪና አለሽ አይደል? ትንሽ ነገር ናት» ብለው ሱሪ ይዘው ይመጣሉ። ትንሿ ነገር የድሮውን ዝምዝማት መፍታት ናት፤ መለካት፣ መቁረጥ፣ መተኮስ ናት፤ ቀለሙ የሚገጥም ክር ፍለጋ ናት፤ ጂንስ ከሆነ ደግሞ ወፍራም መርፌ መቀየር ናት። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ትንሽ ነገር ናት» የሚል ሰው አላየሁም። ስለ ክፍያ ሲነሳማ ሁሉም ቸኩሎ መንገደኛ ይሆናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችበትን ብርድ ልብስ በ1886 ለትርኢት አቀረበች። ገዢ ስትጠይቃት አልሸጥም አለች። ኋላ ሲቸግራት 10 ዶላር ጠየቀች፤ የተከፈላት 5 ነው። ብርድ ልብሱ ዛሬ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተቀምጧል። ከሸጠችው በኋላ እየተመላለሰች ትጎበኘው ነበር ይባላል። ለዚያች 5 ዶላር የተከራከረውን አንደበት ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ብቻ፣ ፍቅሩ በክልከላ ይጀምራል ብያለሁ። ዕድሜ ልክ የሚዘልቀው ለምንድን ነው ካላችሁ፣ ጨርቅ ስለሚተርፍ ነው። ትርፉ አይጣልም፤ ለትርፉ ሲባል ሌላ ብርድ ልብስ ይጀመራል። ለአዲሱ ጨርቅ ይጎድላል፤ ይገዛል፤ የተገዛው ይተርፋል። በነገራችን ላይ ሱሪ ያሳጠርኩላችሁ ሁሉ፣ የተቆረጠውን እግር አምጪ እንዳትሉኝ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቷል።