«ጥሩ ግብዓት ነው፣ ወስደነዋል»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሰምቻታለሁ። አራቴም የተባለችው ለእኔ ነው። አራቴም ያነሳሁት ስለ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። ወስደነዋል ይላሉ፣ የት እንደወሰዱት ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖርበት አካባቢ ምክር ቤት የ10 ዓመት ዕቅድ አረቀቀ። «ነዋሪው ይወያይበት፣ ያዳብረው» ተባለና ጥሪ መጣ። እኔ ደግሞ የዋህ ነኝ፣ አመንኩ። ሰነዱን አውርጄ ሳየው 286 ገጽ! ውይይቱ ሊደረግ የቀረው ደግሞ ዘጠኝ ቀን። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ እንደ ፈተና ተማሪ እያሰመርኩ አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ ፊኛ የያዘ ልጅ እየሳቀ አለ። አሥረኛው ገጽ ላይ ራዕይ አለ። አሥራ አንደኛው ላይ ተልዕኮ፣ ከዚያ እሴቶች፣ ከዚያ የሊቀመንበሩ መልዕክት ከነፎቶው። ምክር ቤቱ ምን ያህል ሊበደር እንዳሰበ የሚናገረው ሰንጠረዥ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ገጽ 231፣ አባሪ ውስጥ፣ ዓይን በሚያጠፋ ፊደል።

እስቲ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የረጅም ጊዜ ዕቅድ ሲገላለጥ ሦስት ጥያቄ ነው። ምን እንሥራ? የቱን እናስቀድም? ማን ይክፈል፣ እኛ ዛሬ ወይስ ልጆቻችን በዕዳ? በቃ። ሌላው ሁሉ ፊኛ ነው። እኔ ዕዳ ሁሉ ክፉ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሃምሳ ዓመት የሚያገለግል ነገር ሲሠራ ወደፊት የሚጠቀምበት ሰው ድርሻውን ቢከፍል ፍትሐዊ ነው። ግን ንገሩኝ! ይሄን ያህል እንበደራለን፣ ለዚህ ነው፣ በየዓመቱ ይሄን ያህል ትከፍላላችሁ፣ ካልተበደርን ደግሞ ይሄና ይሄ ይቀራል በሉኝ። ለአዋቂ ሰው እንዲህ ነው የሚነገረው።

እነሱ የጠየቁኝ ግን ምን መሰላችሁ? መጠይቁ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ንጹህ፣ አረንጓዴና ለኑሮ ምቹ አካባቢ እንዲኖርዎ ይፈልጋሉ?» ይላል። ኧረ ባካችሁ! አይ፣ እኔ ቆሻሻና ግራጫ ነው የምወደው የሚል ሰው አለ? ሁለተኛው «ከሚከተሉት አምስት ፕሮጀክቶች በቅደም ተከተል ይምረጡ» ይላል። አዲስ አዳራሽ፣ መናፈሻ፣ የስፖርት ሜዳ፣ የእግረኛ መንገድ ማስዋብ፣ ዲጂታል የመረጃ ሰሌዳ። ነባሩን መጠገን የሚል ምርጫ የለም። ከአምስቱ ውጭ የሚልም የለም። አምስቱን ማን መረጣቸው? ይህን የሚጠይቅ ሣጥንም የለም። ሰው ውይይት ላይ የሚሸነፈው ጥያቄው ሲወጣ ነው ለካ፣ መልሱ ላይማ ምን ብሎ ይከራከራል።

እሺ፣ ቀኑ ደረሰ። ማክሰኞ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት። ግማሽ ቀን አስፈቅጄ ሄድኩ። አዳራሹን ዞር ዞር ብዬ ሳየው ግማሹ ጡረተኛ ነው፣ ሩቡ የራሱ የምክር ቤቱ ሠራተኛ ነው (ደረታቸው ላይ ባጅ አለ፣ አልተሳሳትኩም)። ሕፃን የያዘች እናት አላየሁም። የሌሊት ተረኛ፣ ተከራይ፣ ተማሪ አልነበረም። አሥር ዓመቱን ሙሉ በዚህ ዕቅድ የሚኖሩት እነሱ ናቸው እኮ።

ከዚያ ስላይዱ ተጀመረ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ሰውዬው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ያነብልናል። ማንበብ እንችላለን፣ ወንድሜ። የእኛ ተራ ሲደርስ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀረ። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና «ጊዜ ስለሌለን አምስት አምስት ሰው ዕድል ሰጥተን፣ ሰብሰብ አድርገን ባንድ ላይ እንመልሳለን» አለ።

ይቺ ዘዴ በጣም የምታናድደኝ ናት። ስብሰባ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አምስት ሰው ይናገራል። አንዷ እናት በራቸው ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ዓመት እንዳለፈው ተናገሩ። አንድ ወጣት ስለ ሥራ ጠየቀ። አንድ ሰውዬ ስለ ጎረቤቱ ውሻ አሥራ ሁለት ደቂቃ አወራ (ከሃያው ውስጥ መሆኑ ነው፣ ልብ በሉ)። አንዱ አመስግኖ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ቆጥቤ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ «ሰፈራችንን የሚያጥለቀልቀው ቦይ ዕቅዱ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ከሌለ ለምን?» መልስ ሰጪው ጉሮሮውን ጠረገና «የተነሱት ሐሳቦች ተመሳሳይ ስለሆኑ ጠቅለል አድርጌ ልመልስ» አለ። መብራትና ውሻ እና ቦይ ተመሳሳይ! ጠቅለል አድርጎ የመለሰው ዕቅዱ ሁሉን አቀፍ እንደሆነ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ያቺን ነገር አላት። ጥሩ ግብዓት ነው፣ ወስደነዋል።

አጨብጭበን ወጣን። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ፣ እጄ ራሱ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ የውይይቱ ሪፖርት ወጣ። ለእኛ ለነዋሪዎቹ የተሰጠን ቦታ ሦስት መስመር ነው። «ተሳታፊዎች ዕቅዱን በአዎንታ ተቀብለው ለተግባራዊነቱ የበኩላቸውን እንደሚወጡ ገልጸዋል።» መቼ? ማን? በየትኛው አፌ? ይባስ ብሎ ከሥሩ ፎቶ አለ። እጁን ከፍ አድርጎ አፉን የከፈተው ሰው እኔ ነኝ። ቦዩ የታለ እያልኩ የተነሳሁት ፎቶ የድጋፍ ማስረጃ ሆኖ ወጣ። ለሪፖርት ፍጆታ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ፣ እኔ ራሴ ፍጆታ ሆንኩ።

ይሄም ይሁን። ጭራሽ ያቃጠለኝ በኋላ የደረስኩበት ነው። የአዲሱ አዳራሽ ጨረታ የወጣው ከውይይቱ በፊት ነው። ከውይይቱ አሥራ አንድ ቀን በፊት! ታዲያ እኔን ምን አምጣ ብለው ነው የጠሩኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉት የለ፣ እኛን ጅቡ ካለፈ በኋላ ኑና ጩኹ ብለው በደብዳቤ ጠሩን።

ሰው ይሄን ስል «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ፣ የትም እንዲህ ነው» ይለኛል። የትም እንዲህ አይደለም፣ ወይም ቢያንስ እንዲህ መሆን የለበትም ተብሎ ከተጻፈ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት የሕዝብ ተሳትፎን በስምንት እርከን መሰላል አድርጋ አስቀምጣዋለች። ከታች ያለው ሰውን ማታለል ነው፣ ጫፉ ላይ ዜጋው ራሱ የሚቆጣጠርበት ነው። «ምክክር» የሚባለው ከታች አራተኛው ላይ ነው ያለው። እሷ ይሄን እርከን የመደበችው የይስሙላ ከምትላቸው ውስጥ ነው። ሰው ሐሳቡን ይሰጣል፣ ሐሳቡ ቁም ነገር ላይ ለመዋሉ ግን ዋስትና የለውም። ከሃምሳ ዓመት በፊት ስለ እኔ ማክሰኞ ጠዋት የጻፈች ነው የመሰለኝ።

እንግሊዞቹ ደግሞ በፍርድ ቤት ጨርሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ብሬንት በሚባል የለንደን አካባቢ በትምህርት ቤቶች ጉዳይ ክርክር ተነስቶ፣ ምክክር ምክክር የሚባለው አራት ነገር ሲያሟላ ነው ተባለ። ሐሳቡ ገና ሳይቋጭ መጠየቅ አለበት፣ ሰው አስቦ እንዲመልስ በቂ ምክንያት ሊነገረው ይገባል፣ በቂ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ የሰጠው መልስም ከውሳኔ በፊት ከልብ ሊታይ ይገባል። የእኛን በዚህ ስመዝነው ከአራቱ አንዱንም አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሃሪንጌ የሚባለውን የለንደን ምክር ቤት ምክክርህ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደበት። ለምን? ነዋሪውን አንድ መንገድ ብቻ አሳይቶ፣ ሌሎች አማራጮች እንደነበሩና ለምን እንደተተዉ ስላልነገረው። ገንዘብ ጎድሏል፣ ስለዚህ ድጎማችሁ ይቀነስ ነው ያለው። ከሌላ ቦታ መቆጠብ ወይም ግብር መጨመር ይቻል እንደነበር ግን አልነገራቸውም። ይሄን ሳነብ ያቺ አምስት ፕሮጀክት ያለባት መጠይቅ ናት ትዝ ያለችኝ።

ኒውዚላንድ ውስጥም ሕጉ ምክር ቤቶችን ቢያንስ የ10 ዓመት ዕቅድ አውጡ፣ በየሦስት ዓመቱ ከልሱ ይላል። ጎን ለጎን ደግሞ ቢያንስ የ30 ዓመት የመሠረተ ልማት ስትራቴጂ ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት ለምን ቢባል መልሱ ቀላል ነው፣ ቧንቧ ነው። የተቀበረ ቱቦ ብዙ ጊዜ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፣ የተመረጠ ሰው ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ድምፅ ፍለጋ ይመለሳል። ስለዚህ ዓይን የሚያየውን አዳራሽ መርቆ ሪባን መቁረጥ ያዋጣዋል። የቦይ ሪባን ማን ቆርጦ ያውቃል? መሬት ውስጥ ገብቶ ፎቶ አይነሳም። ጥገናው ለከርሞ ይባላል፣ ከርሞም ለከርሞ ይባላል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ያኔ «ያልተጠበቀ አደጋ» ይሆናል። ያልተጠበቀው በማን ነው? እኔማ አራት ጊዜ ጠብቄዋለሁ።

ይሄ ሁሉ ሲባል ግን ሠራተኞቹን ብቻ አልወቅስም። ከስብሰባው ስወጣ ኮሪደር ላይ አንዷ የቢሮው ባለሙያ፣ ወጣት ልጅ ናት፣ አገኘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጥያቄህ ልክ ነው፣ ግን ሰነዱ የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ መጽደቅ ስላለበት አሁን የሚነካ ነገር የለም» አለችኝ። ከስብሰባው ሁሉ እውነት ያገኘሁት ያኔ ብቻ ነው፣ ኮሪደር ላይ፣ በሹክሹክታ። ለምን መድረኩ ላይ አይባልም? ትቆጣላችሁ ብለው ነው? እንቆጣ! ተቆጥተን ቢያንስ ግማሽ ቀናችንን አናቃጥልም።

እኛም ነዋሪዎቹ ጻድቅ አይደለንም። ረቂቁ ሲወጣ ማናችን አነበብነው? ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ዕቅድ መኖሩን ያወቀው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ከእኔ ሰምቶ። እኛ የምንነቃው ዶዘሩ በር ላይ ሲቆም ነው። ግን ደግሞ ማን ይፈርድብናል? ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪው የበጀቱ ክፍል የት ይዋል የሚለውን በየሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያስቀድም፣ የደሃ ሰፈር ሰዎች አዳራሽ ሞልተው ይመጡ ነበር። ያስቀደሙትም ፍሳሽ ማስወገጃና የመንገድ ንጣፍ ነው እንጂ ዲጂታል ሰሌዳ አልነበረም። ሰው የተናገረው ነገር መሬት ላይ ወርዶ ሲያይ ይመጣል። «ወስደነዋል» እየተባለ ሲሸኝ ደግሞ በሚቀጥለው አይመጣም፣ ከዚያ «ነዋሪው የተሳትፎ ፍላጎቱ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፍበታል።

እኔ እንዲሰሙኝ እንጂ እንዲታዘዙልኝ አልጠየቅኩም። ቦዩ ከሌላው ሁሉ ይቅደም ላይባል ይችላል። ከእኛ የባሰ ሰፈር ሊኖር ይችላል፣ ይገባኛል። እንግዲያውስ እንቢ በሉኝ! በጽሑፍ፣ በስሜ፣ «አይሆንም፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ለዚህ ውሏል» በሉኝ። ምክንያቱ ከተነገረኝ ቤቴ ገብቼ ሌላ መላ እፈልጋለሁ፣ በሬን ከፍ አድርጌ እሠራለሁ፣ ከጎረቤት ጋር አዋጥቼ እጠርጋለሁ። ግብዓት የሚባለው ቃል ግን አዎም አይደለም፣ እንቢም አይደለም። ሰውን አንጠልጥሎ የሚያስቀር ቃል ነው። አሁንማ ሳስበው ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር ዝናቡ ሲበረታ ቦዩ እንደለመደው ሞላ። ውሃው እስከ ሦስተኛው ደረጃ መጣ፣ ጫማዎቹ ተንሳፈፉ፣ ቪዲዮ ቀረጽኩና ላክሁላቸው። መልስ መጣ፣ አልዋሽም፣ በዚያው ቀን መጣ። «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። የአገልግሎታችንን እርካታ ከ1 እስከ 5 ይመዝኑልን።» ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ጽሑፍ አያስገባም። ጫማዬን ከውሃ እያወጣሁ በአንድ እጄ 1ን ነካሁ።

ትናንት ደግሞ ሌላ ጥሪ ደረሰኝ። የዕቅዱ አፈጻጸም ላይ ነዋሪው ይወያያል ይላል። ያው አዳራሽ፣ ያው ማክሰኞ ጠዋት። አለቃዬን አስፈቅጃለሁ፣ «አሁንም ያ ቦይ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እሄዳለሁ። አምስት አምስት ሰው ሲሉ ግን እጄን አላወጣም፣ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ጠብቄ ብቻዬን ነው የምነሳው። ጥያቄዋም ያቺው ናት። አለ ወይስ የለም?